«መዝግብ» የሚለው በተን ላይ ሎዲንግ ጨምሬም መዋጮው አሁንም ሁለቴ ይመዘገባል

ዲምቱ_ዴቭ፦

ሰላም ናችሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። ለሰፈራችን እድር የመዋጮ መዝገብ የሚይዝ አነስተኛ ዌብ አፕ ሠርቻለሁ። ፊቱ ሪአክት ነው፣ ጀርባው ጃንጎ፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ። ዋና ተጠቃሚዋ ገንዘብ ያዣችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ነው የሚላቸው።

ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ረፋድ ላይ የእድሩ ድንኳንና ድስት የሚቀመጥበት ክፍል ደጃፍ ሰው ይሰለፋል። እትዬ የአባሉን ስም ስልካቸው ላይ ይፈልጉና ከጎኑ ያለውን «መዝግብ» ይጫናሉ። መዋጮው መቶ ብር ነው። ኔትወርክ ደህና ሲሆን ወዲያው አረንጓዴ ምልክትና የደረሰኝ ቁጥር ይመጣል። መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ሲጠፋና ሁሉም ወደ ሞባይል ዳታ ሲዞር ግን ይንቀራፈፋል። እትዬ ይጫናሉ፣ ምንም አይታይም። ደግመው ይጫናሉ። እንዲህ ሆኖ የአንድ አባል የነሐሴ መዋጮ ሦስት ጊዜ ገባ። መዝገቡ ሦስት መቶ ይላል፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው መቶ ነው። ሂሳብ ሲተሳሰብ ጥያቄው እትዬ ላይ መጣ። ከኮዱ ሁሉ በላይ የከበደኝ ይሄ ነው። በእድር ገንዘብ ስሙ የተነሳ ሰው ሰፈር ውስጥ ቀና ብሎ መሄድ ይከብደዋል፤ እሳቸው ደግሞ አንድ ብር ያጎደሉ ሴት አይደሉም።

ስለዚህ በተኑ ላይ ሎዲንግ ጨመርኩ። «ኢዝሎዲንግ» የሚል ስቴት (ገጹ የሚያስታውሰው ሁኔታ) አለኝ፤ ሲጫኑ ትሩ (አዎ) ይሆናል፣ መልስ ሲመጣ ፎልስ (አይደለም)፤ ትሩ በሆነበት ጊዜ በተኑ ውስጥ ስፒነር (የመጠበቂያ ክብ) ይሽከረከራል። አሁን ያሉብኝ ጣጣዎች እነዚህ ናቸው። አንዱን ስጫን የሁሉም አባላት በተን አብሮ ይሽከረከራል። ኔትወርክ ጥሩ ሲሆን ስፒነሩ ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ እትዬ «ምንድነው የበራው?» ይሉኛል። «መዝግብ» የሚለው ወደ «እየተመዘገበ ነው» ሲቀየር በተኑ ይሰፋና ረድፉ በሙሉ ይንቀሳቀሳል። ዋናው ግን፣ ኔትወርኩ መሃል ላይ ከተቋረጠ ስፒነሩ ማቆሚያ የለውም፤ እትዬ ሰልችቷቸው ገጹን ሪፍሬሽ ያደርጉና እንደገና ይመዘግባሉ። ድርብ መዝገቡ ስለዚህ አልቆመም። ምን ላድርግ?


ጀሞ_3፦

ዲሴብል አድርጊው፤ ማለትም እንዳይጫን ዝጊው። ኢዝሎዲንግ ትሩ ሲሆን በተኑን ዲሴብልድ ማድረግ ነው፤ የተዘጋ በተን ክሊክ አይቀበልም። ስፒነር ብቻ ካሳየሽ በተኑ ክፍት ስለሆነ ሁለተኛውን ክሊክም ይልካል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ሪአክት ሳይሆን ተራ የኤችቲኤምኤል ፎርም ለሚጠቀም ሌላ አንባቢም ይጠቅማል፦ መዝጋቱን በበተኑ ክሊክ ላይ ሳይሆን በፎርሙ ሰብሚት (ፎርሙ በሚላክበት ቅጽበት) ላይ አድርጉት። በክሊኩ ላይ ከዘጋችሁት ክሮም ውስጥ ፎርሙ ራሱ ሳይላክ ይቀራል።


አያት_ጫፍ፦

ጀሞ_3 ያለው ትክክል ነው፤ ግን ያንቺን ችግር ከላይ ከላዩ ብቻ ነው የሚፈታው። እኔ ከአያት ወዲያ ጫፍ ላይ ላለ የግንባታ ዕቃ መደብር የሽያጭ መመዝገቢያ እሠራለሁ። ጸሐፊዋ የምትጫነው ሲሚንቶ የጫነ ሾፌር ከፊቷ ቆሞ እያጣደፋት ነው። ተረጋግተው የሚጠቀሙበት ፕሮግራምና ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ የሚጠቀሙበት ፕሮግራም አንድ ዓይነት ንድፍ አይሆንላቸውም። እትዬ ደግመው የሚጫኑት ስላልገባቸው አይደለም፤ በተኑ መልስ ስላልሰጣቸው ነው። ማንም ሰው ያንኑ ያደርጋል።

ስለዚህ አስቀድመሽ ሁለት ሥራዎችን ለያቸው። ስፒነር የሚሠራው ለእትዬ ዓይን ነው። ድርብ መዝገብን መከልከል የዳታቤዙ ሥራ ነው። በተኑን ዘግተሽ እንኳ እትዬ ሪፍሬሽ ካደረጉ ገጹ እንደ አዲስ ይከፈታል፤ «ተዘግቷል» የሚለው መረጃ የነበረው እዚያው ገጹ ውስጥ ነበርና አብሮ ይጠፋል። የእድሩ ጸሐፊ በሌላ ስልክ ከፍተውት ከሆነም የእትዬ በተን መዘጋት የእሳቸውን አይዘጋም።

ቀላሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ሁሉም አብሮ የሚሽከረከረው ለሁሉም ረድፍ አንድ ስቴት ስለሰጠሽ ነው። ረድፉን የራሱ ኮምፖነንት (ራሱን የቻለ የገጽ ክፍል) አድርጊና ስቴቱን እዚያ ውስጥ አስገቢው። ሪአክት 19 ላይ ከሆንሽ ዩዝፎርምስታተስ የሚባለው ሁክ (ፎርሙ እየተላከ መሆኑን የሚነግር የሪአክት ፋንክሽን) አለልሽ፤ እሱ ግን የሚሠራው በፎርሙ ውስጥ ካለ ሌላ ኮምፖነንት ሲጠራ ነው፤ ፎርሙን በሚሠራው በራሱ ኮምፖነንት ከጠራሽው መልሱ ሁልጊዜ «ምንም እየተላከ አይደለም» ነው። ስፋቱን በተመለከተ፣ ሁለቱንም ጽሑፎች በተኑ ውስጥ አስቀምጫቸው፤ በተኑን ግሪድ አድርገሽ ሁለቱን አንድ ሴል ላይ ደርቢና የማይፈለገውን በቪዚቢሊቲ ሂደን ደብቂው። ዲስፕሌይ ነን ካደረግሽው ቦታውን ይለቃል፤ ቪዚቢሊቲ ግን ቦታውን ይዞ ይቆያል። በተኑ ከመጀመሪያው ረጅሙን ጽሑፍ በሚችል ስፋት ስለሚቆም ምንም አይንቀሳቀስም። ጣት ሊያርፍ ሲል በተኑ ከተንቀሳቀሰ የጎረቤቱ ስም ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ያ ደግሞ ከድርብ መዝገብ የባሰ ስህተት ነው።

ብልጭታው ላይ ትንሽ ልቆይ። የአጠቃቀም ምቹነት ባለሙያው ጄከብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ያሰፈራቸው ሦስት ልኮች ዛሬም ይሠራሉ፦ እስከ 0.1 ሰከንድ ድረስ ሰው «ወዲያው ሆነ» ብሎ ይቀበላል፣ እስከ 1 ሰከንድ መዘግየቱን ቢያስተውልም ሐሳቡ አይቋረጥም፣ ከ10 ሰከንድ በላይ ከሆነ ሐሳቡ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። ከዚህ ተነስተሽ በተኑን ሁለት ደረጃ ስጪው። መዘጋቱና ቀለሙ መደብዘዙ ወዲያው፣ ጣት እንደተነሳ። ስፒነሩ ግን ከ300 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ብቻ ይምጣ፤ በሲኤስኤስ አኒሜሽን ዲሌይ ብቻውን ይሠራል። መልሱ ከዚያ በፊት ከመጣ እትዬ የሚያዩት አረንጓዴውን ምልክት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ስፒነሩን ሲያዘገይ መዝጊያውንም አብሮ ያዘገየዋል፤ ያኔ ያ 300 ሚሊሰከንድ ለሁለተኛው ክሊክ የተከፈተ በር ይሆናል። እንዳታደርጊው።

አሁን ወደ ከባዱ፤ ማቆሚያ ወደሌለው ስፒነር። ሦስት ነገር ነው የጎደለው ብዬ እገምታለሁ። ኢዝሎዲንግን ወደ ፎልስ የምትመልሺው ጥሩ መልስ ሲመጣ ብቻ ከሆነ፣ ኔትወርክ ሲቆረጥ ኮዱ ወደ ካች (ስህተት ሲፈጠር ወደሚሠራው ክፍል) ይዘልና ያ መስመር አይነካም። ፋይናሊ ውስጥ አስገቢው፤ በሰላም ቢያልቅም ባያልቅም እዚያ ያልፋል። ቀጥሎ፣ ፌች (ጥያቄውን ወደ ሰርቨር የሚልከው የብራውዘር ፋንክሽን) 500 ወይም 404 የሚል የስህተት ቁጥር ሲመጣለት አይጮህም፤ መልስ አገኘሁ ብሎ ዝም ይላል። ሪስፖንስ ኦኬን (መልሱ የተሳካ መሆን አለመሆኑን የሚናገረውን) ራስሽ ማየት አለብሽ፤ አለዚያ ሰርቨሩ እምቢ ብሎ እትዬ አረንጓዴ ምልክት ያያሉ። ሦስተኛ፣ ፌች የራሱ የጊዜ ገደብ የለውም። አቦርትሲግናል ታይምአውት ጨምሪና 15 ሰከንድ በይው። ናቪጌተር ኦንላይን የሚለውን አትመኚበት፤ እሱ የሚነግርሽ ስልኩ ከሆነ ኔትወርክ ጋር መያያዙን እንጂ ሰርቨርሽ ጋር መድረሱን አይደለም። ራውተሩ በባትሪ እየሠራ መስመሩ ግን ሲሞት ኦንላይን ነኝ ይልሻል።

እዚህ ላይ ብዙው ሰው ያቆማል። እኔ ግን ልለምንሽ የምፈልገው ከዚህ ወዲያ ያለውን ነው። ገደቡ አልፎ ስታቋርጪው፣ ያቋረጥሽው መጠበቁን እንጂ ሥራውን አይደለም። ሪኩዌስቱ (የተላከው ጥያቄ) ሰርቨር ደርሶ፣ መቶ ብሩ ተጽፎ፣ የጠፋው የመልሱ ጉዞ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በተንሽ ሁለት ሳይሆን ሦስት ፍጻሜ አለው፦ ተመዝግቧል፣ አልተመዘገበም፣ መድረሱ አልታወቀም። ሦስተኛውን «ስህተት ተፈጥሯል፣ እንደገና ይሞክሩ» ብለሽ በቀይ ከጻፍሽው እትዬን ዋሸሻቸው ማለት ነው፤ አምነውሽ ደግመው ይመዘግባሉ፣ ሳጥኑና መዝገቡም ይለያያሉ። ስፒነር ሳይኖር ከነበረው የባሰ ነው፤ አሁን ፕሮግራሙ ራሱ ነው ድገሙ ያላቸው።

ደግመው ቢጫኑም ጉዳት እንዳይኖር ታደርጊያለሽ። እያንዳንዱ ምዝገባ ከመላኩ በፊት ስልኩ ላይ የራሱ መለያ ይሰጠው፤ በክሪፕቶ ራንደም ዩዩአይዲ (የማይደገም የዘፈቀደ መለያ በሚፈጥር የብራውዘር ፋንክሽን)። መለያው በክሊክ ቁጥር አይፈጠርም። ለዚያ አባል፣ ለዚያ ወር አንዴ ይፈጠርና የተረጋገጠ መልስ እስኪመጣ ሎካል ስቶሬጅ (የብራውዘሩ የራሱ ማስቀመጫ) ውስጥ ይቀመጣል። ሪፍሬሽ ቢደረግም እዚያው ያገኘዋል። ሰርቨሩ ያንን መለያ ከክፍያው ጋር በአንድ ረድፍ ያስቀምጣል፣ ዓምዱም ዩኒክ (አንድን ዋጋ ሁለቴ የማይቀበል) ይሆናል። ያው መለያ ዳግም ከመጣ አዲስ አይጽፍም፤ የመጀመሪያውን የደረሰኝ ቁጥር መልሶ ይሰጣል። የክፍያ ድርጅቶች የሚሠሩበት መንገድ ነው፤ ስትራይፕ አይደምፖተንሲ ኪ በሚል ሄደር ይቀበለዋል። ጃንጎ ላይ ጌት ኦር ክሪኤት (ካለ አምጣ፣ ከሌለ ፍጠር) ይበቃሻል፤ እሱም አስተማማኝ የሚሆነው ዳታቤዙ ላይ ዩኒክ ካለ ብቻ ነው። ዩኒክ ከሌለ ሁለት ሪኩዌስቶች እኩል ደርሰው ሁለቱም «የለም» ብለው ሊጽፉ ይችላሉ።

ይሄ ካለሽ ሦስተኛውን ፍጻሜ በቅን ልብ መጻፍ ትችያለሽ፦ «ኔትወርኩ ዘግይቷል። መመዝገቡ ገና አልተረጋገጠም። እንደገና ይጫኑ፤ ሁለቴ አይመዘገብም።» እትዬ ይህን አንብበው ያለ ስጋት ይጫናሉ። ቀለሙን ቢጫ አድርጊው፤ ቀይ «አልሆነም» ነው የሚመስለው።

ከዚህ በተጨማሪ የእድሩን ደንብ ራሱን ዳታቤዙ ላይ ጻፊው፦ አባል፣ ዓመት፣ ወር፤ ሦስቱ አንድ ላይ ዩኒክ። ጸሐፊው ከሌላ ስልክ በሌላ መለያ ቢመዘግቡም ይይዘዋል። ወሩን ግን ከሰርቨሩ የፈረንጅ ቀን አታስሊው። መስከረም የሚገባው በሴፕቴምበር መሃል ነው፤ በሴፕቴምበር የከፈለ ሁለት ሰው አንዱ ለነሐሴ ሌላው ለመስከረም ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ዓመትና ወር በግልጽ ይቀመጥ፤ የሦስት ወር አንዴ ለሚከፍል አባል ደግሞ ሦስት ረድፍ በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም ይጻፋሉ ወይ አንዱም አይጻፍም)።


ፉሪ_ፍሮንትኤንድ፦

ይህን ሁሉ ከማድረግ ለምን ኦፕቲሚስቲክ አታደርጊውም? ሲጫኑ ወዲያው አረንጓዴ አሳያቸው፣ ከጀርባ ይላክ፣ ካልተሳካ ትመልሺዋለሽ። ስፒነር የሚባል ነገር አይኖርም። እኛ ለማስታወቂያ ሰሌዳ አፕ እንዲህ ነው የሠራነው፣ ተጠቃሚዎች ፈጣን ነው ይላሉ።


አያት_ጫፍ፦

ፉሪ፣ ለላይክና ለኮሜንት አልከራከርህም። እዚህ ግን አረንጓዴው ምልክት ሲወጣ ምን እንደሚሆን አስብ። እትዬ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ቀጣዩን ይጠራሉ፣ ከፋዩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከደቂቃ በኋላ አረንጓዴው ወደ ቀይ ቢመለስ ማን ያየዋል? እሳቸው ሌላ ስም ላይ ናቸው። ገንዘብ ተቀብሎ ደረሰኝ የሚሰጥ ሰው ያልተረጋገጠን ነገር እንደተረጋገጠ ማየት የለበትም። መሃል መንገድ ከፈለግህ እንዲህ ይደረግ፦ የአንዱ ረድፍ እየተሽከረከረ የሌሎቹ ረድፎች በተን ክፍት ይሁን፣ እትዬ ወደሚቀጥለው ይለፉ፤ ከላይ ደግሞ «ያልተረጋገጡ፦ 2» የሚል ሁልጊዜ የሚታይ መስመር ይኑር። ሰልፉ አይቆምም፣ ማንም አይታለልም።


ፉሪ_ፍሮንትኤንድ፦

የ«ያልተረጋገጡ» መስመሩን ወድጄዋለሁ። ለገንዘብ ልክ ነህ፣ ሐሳቤን አንስቻለሁ።


ሰንዳፋ_መንገድ፦

ስለ ዓይን ብዙ ተባለ፣ ስለማያዩት ልጨምር። አብሮኝ የሚሠራ ዓይነ ስውር ባልደረባ አለኝ፣ ስልኩን በስክሪን ሪደር (ስክሪኑን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ነው የሚጠቀመው። ለእሱ ስፒነር ማለት ዝምታ ነው። ይጫናል፣ ምንም አይሰማም፣ ይደግማል። እትዬ ላይ የደረሰው በትክክል እሱም ላይ ይደርሳል፤ ልዩነቱ የእሱ ኔትወርክ ጥሩ ሲሆንም መድረሱ ነው።

ጀሞ_3 ካለው ዲሴብልድ ጋር ያለኝ ቅሬታ ይሄ ነው። በተኑ ላይ ፎከስ (ተጠቃሚው ገጹ ላይ ያለበት ቦታ) እያለ ስትዘጊው ፎከሱ ሊጠፋና ሰውየው ከገጹ መጀመሪያ ሊጀምር ይችላል። በምትኩ አሪያ ዲሴብልድ አድርጊው። ይሄ ግን በተኑ መዘጋቱን ለስክሪን ሪደሩ ይናገራል እንጂ ክሊኩን አይዘጋም፤ ስለዚህ በሃንድለሩ (ክሊኩን በሚቀበለው ኮድ) የመጀመሪያ መስመር ላይ «እየተላከ ከሆነ ተመለስ» በይ። ያንን ለማወቅ ከስቴቱ ይልቅ ዩዝሬፍ ተጠቀሚ፤ ሬፍ ሪአክት ገጹን እስኪስል አይጠብቅም፣ ወዲያው ይቀየራል።

ሁኔታውን የሚናገር ጽሑፍም ያስፈልጋል። ሮሉ ስታተስ የሆነ (ጽሑፉ ሲቀየር ስክሪን ሪደር የሚያነበው) ባዶ ዲቭ ገጹ ሲከፈት ጀምሮ ይኑር፤ «እየተመዘገበ ነው»፣ «ተመዝግቧል፣ ደረሰኝ 412» የሚሉት እዚያ ይግቡ። ዲቩን ከጽሑፉ ጋር አብረሽ ከፈጠርሽው ብዙ ጊዜ አይነበብም፤ አስቀድሞ መኖር አለበት። የደብሊውካግ (የዌብ ተደራሽነት መመሪያ) 4.1.3 መስፈርት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ፎከስ ሳይንቀሳቀስ ሁኔታው ለሰሚው ይድረስ። እና መሽከርከር የሚያዞራቸው ሰዎች አሉ፤ ስልካቸው ላይ እንቅስቃሴ ቀንስ ብለው ካስቀመጡ ፕሪፈርስ ሪዱስድ ሞሽን ይነግርሻል። ያኔ ስፒነሩን አቁሚና ጽሑፉን ብቻ ተይው። የአንቺ እትዬም ዕድሜያቸው ስለገፋ ከሚሽከረከር ክብ ይልቅ ጎላ ያለ ጽሑፍ ሳይሻላቸው አይቀርም።


ዲምቱ_ዴቭ፦

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ሁላችሁንም። እየሠራሁት ነው። ረድፉን ለየሁ፣ ግሪዱ ሠራ፣ ፋይናሊና 15 ሰከንዱ ገቡ። ለእትዬ አሳየኋቸው፤ ቢጫውን ጽሑፍ አንብበው «እንግዲህ አልፈራውም» አሉኝ። ሰንዳፋ፣ ስለ ጽሑፉ ልክ ነህ፤ ስፒነሩን አላዩትም፣ ያነበቡት ጽሑፉን ነው። ፊደሉን አሳድጌዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ራንደም ዩዩአይዲ ላፕቶፔ ላይ ይሠራል፤ በስልክ ስሞክረው ግን «ፋንክሽን አይደለም» ይለኛል። ስልኩ አዲስ ነው፣ ክሮሙም አዲስ ነው።


አያት_ጫፍ፦

ስልኩን ከላፕቶፕሽ ጋር በዋይፋይ አገናኝተሽ በአይፒ አድራሻ፣ ያለ ኤችቲቲፒኤስ እየከፈትሽው ነው አይደል? ራንደም ዩዩአይዲ ሴኪዩር ኮንቴክስት (ብራውዘሩ አስተማማኝ ብሎ በሚቆጥረው ገጽ) ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ሎካልሆስት (የኮምፒውተሩ የራሱ አድራሻ) እንደ ሴኪዩር ስለሚቆጠር ላፕቶፕሽ ላይ ይሠራል፤ 192.168 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ግን አይቆጠርም። ትክክለኛው ሰርቨር ላይ ኤችቲቲፒኤስ ካለ ችግር የለም። ለሙከራ፣ ስልኩን በዩኤስቢ ሰክተሽ በክሮም ዴቭቱልስ (የፕሮግራመሮች መሣሪያ) ፖርት ፎርዋርዲንግ አድርጊ፤ ስልኩም ሎካልሆስት ብሎ ይከፍተዋል።

እግረ መንገድሽን ዴቭቱልስ ውስጥ ኔትወርኩን ወደ 3ጂ ዝቅ አድርጊና ሞክሪ፣ ከዚያ ኦፍላይን አድርጊው። ከሁሉ የሚያስፈልግሽ ሙከራ ግን ሌላ ነው፦ ጃንጎው ላይ ክፍያው ከተጻፈ በኋላ፣ መልሱ ከመላኩ በፊት 20 ሰከንድ ስሊፕ (መቆያ) ጨምሪ። ያኔ «ተጽፏል ግን መልሱ አልደረሰም» የሚለውን በእጅሽ ትፈጥሪዋለሽ። ቢጫው ይምጣ፣ ደግመሽ ተጫኚ፣ ዳታቤዙን ክፈቺ። አንድ ረድፍ ብቻ ካየሽ ጨርሰሻል። አንድ ልብ በይ፦ ትራንዛክሽኑ ሳይዘጋ ውስጡ ስሊፕ ካደረግሽ ሁለተኛው ሪኩዌስት የመጀመሪያውን እየጠበቀ ይቆማል፤ ስለዚህ ስሊፑ ከአቶሚክ ብሎኩ (ትራንዛክሽኑን ከያዘው ኮድ) ውጭ ይሁን።


ጀሞ_3፦

እኔም አንድ ነገር ተማርኩ፤ የሚቀጥለው በተኔ ላይ አሪያ ዲሴብልድ እሞክራለሁ። ዲምቱ፣ ወደፊት በቴሌብር ለመክፈል ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ በተን የምትጨምሪ ከሆነ ይህንን ያዢልኝ፦ ሰውየው ከክፍያው ገጽ በባክ ሲመለስ ብራውዘሩ የቀድሞውን ገጽ እንዳለ ከማስታወሻው ሊያወጣው ይችላል፤ በተኑም እንደተዘጋ፣ ስፒነሩም እየተሽከረከረ ይመጣል። ፔጅሾው የሚለውን ኢቨንት አዳምጪ፤ ፐርሲስትድ ትሩ ከሆነ (ገጹ ከማስታወሻው ከወጣ) በተኑን ክፈቺውና የክፍያውን ሁኔታ ከሰርቨሩ ጠይቂ።


ዲምቱ_ዴቭ፦

የ20 ሰከንዱን ሙከራ አደረግሁት፤ ቢጫው መጣ፣ ደግሜ ተጫንኩ፣ ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ረድፍ ነው ያለው። ያው የመጀመሪያው የደረሰኝ ቁጥር ተመለሰልኝ። ጀሞ፣ ቴሌብሩ ለጊዜው ዕቅድ ብቻ ነው፣ ያልከውን ይዣለሁ።

የቀረው የመጨረሻው ነው። አባል፣ ዓመት፣ ወር ዩኒክ ለማድረግ ማይግሬሽን (የዳታቤዙን አወቃቀር የሚቀይር ትእዛዝ) ሳስኬድ ፖስትግሬስ እምቢ አለ። የነሐሴው ሦስት ረድፍና ሌሎችም ድርብ ስላሉ ነው። ትርፎቹን ዲሊት ላድርጋቸው?


አያት_ጫፍ፦

አታጥፊያቸው። ከተጠፉ በኋላ «ማነው የሰረዘው፣ ለምን?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ መልስ የለሽም፣ እትዬም የላቸውም። ይልቅ «ተሰርዟል» የሚል ዓምድ ጨምሪ፣ ከጎኑ ምክንያትና ቀን ይኑር። ጃንጎ ዩኒክ ኮንስትሬይንት ላይ ኮንዲሽን ይቀበላል፤ ያልተሰረዙት ብቻ ዩኒክ ይሁኑ በይው። ፖስትግሬስ ፓርሻል ኢንዴክስ (በተመረጡ ረድፎች ላይ ብቻ የሚሠራ) ስለሚደግፍ ይቀበልሻል። ጌት ኦር ክሪኤቱን ግን በመለያው ዓምድ ብቻ ፈልጊበት። መለያው ሌላ ሆኖ ወሩ የተከፈለ ከሆነ ኢንተግሪቲ ኤረር (ዳታቤዙ ደንቡ ሲጣስ የሚሰጠው ስህተት) ይመጣል፤ እሱን ይዘሽ 409 (ግጭት አለ የሚል ቁጥር) መልሺ፣ ስልኩ ላይ «ይህ ወር ተከፍሏል» ከቀኑና ከደረሰኝ ቁጥሩ ጋር ይውጣ።

የትኛው ረድፍ እንደሚቀር አንቺ ብቻሽን አትወስኚ። ድርቦቹን በአባል ስም አውጥተሽ አትሚና እትዬ፣ ጸሐፊውና ሰብሳቢው አብረው ተቀምጠው ከድሮው ደብተርና ከሳጥኑ ሂሳብ ጋር ያመሳክሩት። ሁለቴ የተመዘገበ የመሰለው አንዱ በእርግጥ የሁለት ወር ከፍሎ ሊሆን ይችላል። በወረቀቱ ላይ ይፈርሙበት። ከዚያ ስረዛውን መዝግቢና ማይግሬሽኑን በሥራ ቀን ማታ አስኪጂው፤ እሁድ ጠዋት አይሁን።